ድንጋዩን ያነሳሁት በውዴ ነው

ግንቦት 28፣ 2018። ደባርቅ

ሳጂዳ ዛሬ ጠዋት ሄደች። የልጄ የሙጂብ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ጥቂት ቀን ሰንብታ ጀርመን አገር፣ ቦን ወደሚባል ከተማ ትበራለች። ሥራዋ የአየር ንብረት ድርድር ነው። የዓለም መንግሥታት ይሰበሰቡና ሰማዩን ማን እንዳበላሸው፣ ማን እንደሚጠግነው ይጨቃጨቃሉ፤ እሷ ከእኛ ሰዎች ኋላ ተቀምጣ ወረቀት ታቀብላለች። «አማካሪ ነኝ፣ አባባ» ትለኛለች። እኔ ግን ወረቀት አቀባይ ነው የምላት። ስትናደድ አፍንጫዋ እንደ አያቷ እንደ አሲያ ይነፋል፤ አላህ ይዘንላትና፣ ያን ለማየት ብዬ ነው።

ይህን ደብተር እሷ ናት የሰጠችኝ። «ዝናቡ መቼ እንደ ጀመረ፣ መቼ እንደ ተወ ይጻፉልኝ» አለች። እሺ አልኋት። ግን ዝናብ ብቻ ጽፎ ምን ይረባል? ማን ላይ እንደ ወረደ ካልተጻፈ?

እኔ ጠይብ ነኝ። ጊች ተወልጄ፣ ገብስ ዘርቼ፣ ለፈረንጅ በቅሎ አከራይቼ፣ ለፓርኩ ተብሎ መንደሩ ሲነሳ ከመንደሩ ጋር ወደ ደባርቅ የወረድሁ። ስንወርድ ከሁለት በቅሎ በቀር ምንም አልነበረንም። ዛሬ አልሐምዱሊላህ፣ ሙጂብ ወፍጮ ተክሏል፣ አይሱዙ መኪና አለው፣ ጓሮው ባሕር ዛፍ ነው። ሀብታም ግን አይደለንም። ማንም ሳይጠይቀኝ ይህን ለምን እንደ ጻፍሁት አላውቅም።

ሰማዩ ደረቅ ነው። ጊች ሳለን በዚህ ጊዜ ጉሙ ገብሱን ያለብሰው ነበር።

ሰኔ 1

ዛሬ ሽምግልና ተቀመጥን፣ ከቦኖው በላይ ባሉት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ። ነገሩ የቦረቦሩ፣ ጎርፍ የቆፈረው የዚያ ገደል ነገር ነው።

ለሳጂዳ በደንብ ልጻፈው። ከሰፈራችን በላይ ያለው ተረተር የሃብተ ጊዮርጊስ ነው። አባቱ ጽዱንና ወይራውን አስቆርጦ ትልቁን ቤት ሠራበት፤ ልጁ የተረፈውን አከሰለው። ተረተሩ እንደ መምሬ ኪዳነ ማርያም ራስ ተመለጠ። ውኃው ከዚያ ይነሳል፣ በወፍጯችን ጓሮ ያልፋል፣ ማለፍ ብቻ ነው፣ ከዚያ መሬቱን እየሰነጠቀ ሠርካለም ደጅ ይደርሳል። ሠርካለም ባሏ የሞተባት፣ በቁራሽ ማሳ ነጭ ሽንኩርት ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን፤ እኔ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ መምሬ። ሠርካለም እንደ ወጉ ከፊታችን ቆማለች። ባለ ጉዳይ ቆሞ ይናገራል፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ይሰማል፤ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው።

«ቦረቦሩ አምና ከአጥሬ ማዶ ነበር» አለች። «ዘንድሮ አጥሬ ሥር ነው። በዚህ ክረምት ካልታሰረ ቤቴን ይበላዋል። የግብርና ባለሙያዋ እየሩስ አይታው ሁለት የድንጋይ ክትር ያስፈልገዋል ብላለች፤ አንዱ ከላይ ተረተሩ ላይ፣ አንዱ ከታች። እኔ አቅም የለኝም።»

ሃብተ ጊዮርጊስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደኑን የቆረጠው አባቴ ነው፣ እሱም አርፏል። ቦረቦሩ የጠለቀው የጠይብ መኪና መመላለስ ከጀመረ ወዲህ ነው።»

«አባትህ ይረፉ» አልሁት። «አንተ የምትተኛው ግን በሳቸው ጽድ ሥር ነው። ቤቱን ስትወርስ ራቁቱን ተረተር ለማን ተውኸው?»

መምሬ መስቀላቸውን እያገላበጡ፣ «ሁለታችሁም እውነት አላችሁ» አሉ።

«መምሬ፣ ይህ ፍርድ ነው ወይስ ቡራኬ?» አልኋቸው።

ሳቅን። ሌላ ቀን ለመቀመጥ ተስማማን። የተስማማነው በዚሁ ብቻ ነው።

ሰኔ 4

ሳጂዳ ከቦን ደወለች። ምስሏ ስልኩ ላይ ይመጣል፤ ኮት ለብሳለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ምን እየሠራችሁ ነው ብላት እንዲህ ብላ አስረዳችኝ።

«አባባ፣ ጭሱን ለመቶ ምናምን ዓመት ያጨሱት እነ አሜሪካና እነ አውሮፓ ናቸው። ለድሃ አገር የሚሰጠውን እነሱ ያውጡ ተብሎ ጥንት ተወስኗል። አሁን ግን ወደነ ቻይና፣ ወደነ ህንድ፣ ወደነ ብራዚል ይጠቁማሉ። ‹እነዚህም ያጨሳሉ፣ እነዚህም አድገዋል፣ ከእኛ ጋር ይቆጠሩ› ይላሉ።»

«እነሱስ?»

«‹እናንተ ፋብሪካ ስታጨሱ እኛ ኩበት ነበር የምናነድ፤ ዛሬም ያልጠገበ ሕዝብ አለን። ከረዳን በውዳችን እንረዳለን፣ ግዴታ ግን አትጫኑብን› ይላሉ።»

«ወላሂ እውነታቸውን ነው!» ብዬ ጭኔን መታሁ። «እኛስ የት ነን?»

«እኛ መካከል ነን፣ አባባ። ከሁለቱም እንፈልጋለን፤ ሁለቱንም ማስቀየም አንችልም። ሁለቱ እስኪስማሙ ጎርፉ የሚገባው እኛ ቤት ነው።»

«ሠርካለም ናችኋ!» አልኋት።

ሠርካለም ማን እንደሆነች ነገርኋት። አልሳቀችም። ቦረቦሩ ከቤቷ ምን ያህል ይርቃል አለችኝ። አላውቅም አልኋት። አውቃለሁ እንጂ፤ በየቀኑ በዚያ በኩል ነው የማልፈው። መንገዴ ነው።

ሰኔ 5

ከጁምዓ መልስ መምሬን አግኝቼ የዓለምን ነገር አስረዳኋቸው። ሃብተ ጊዮርጊስን አሜሪካ ብለን ሰየምነው።

«እኔስ ማን ነኝ?» አሉኝ።

«እርስዎማ የተባበሩት መንግሥታት ነዎት፤ ይጸልያሉ፣ ይመክራሉ፣ ድንጋይ አያነሱም።»

በጭራቸው መቱኝ። ደስ የሚል ቀን።

ሰኔ 6

ገበያ። ሃብተ ጊዮርጊስ ከእህል ተራ ሲወጣ አገኘሁት። «እንደምን አደርህ፣ አሜሪካ!» አልሁት። ነገሩ የገባው ያልገባው ሁሉ ሳቀ። እሱም ነጭ ሽንኩርት ሻጮቹ እስኪሰሙ ድረስ፣ «እኔ አሜሪካ ከሆንሁ ላንተ ቪዛ የለም!» አለኝ። ጥሩ ነው የመለሰው። ሌሊቱን ሌላ አስብለታለሁ።

ሰኔ 9

ዛሬ ተቀይሜያለሁ። እንዲህ ነው የሆነው።

ሳጂዳ ደወለች። ለአንድ መስመር ጽሑፍ ቀን ከሌት ተቀምጠው ምንም እንዳልወጣ ነገረችኝ። አንዱ «ሁሉም ያዋጣ» ይላል፣ አንዱ «ያቃጠለ ያዋጣ» ይላል፣ የእነሱ ቡድን ደግሞ «ማንም ይሁን፣ በቶሎ ይሁን» ይላል፣ ይህን ግን ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። እኔም ላስቃት ብዬ የመምሬን ቀልድ ነገርኋት። ከልቧ ሳቀች። ከዚያ፣ «እርስዎስ አባባ፣ የትኛው አገር ነዎት?» አለችኝ።

«እኔማ ድሃይቱ ኢትዮጵያ!»

«ወፍጮ ያላት? አይሱዙ ያላት? ጓሮዋ ባሕር ዛፍ፣ ጣሪያዋ ሁሉ ቆርቆሮ የሆነች ኢትዮጵያ?» አፍንጫዋ እንኳ አልተነፋም፤ ፈገግ እንዳለች ነው። «አባባ፣ እርስዎ ህንድ ነዎት። ትናንት ድሃ፣ ዛሬ ባለ መኪና። ውኃውም በጓሮዎ ያልፋል።»

ዘጋሁባት። ለምራቴ ለዚነት ኔትወርኩ ነው የተቋረጠ አልኋት።

ህንድ! እኔ! ከጊች ባዶ እጄን የወረድሁ ሰው! ሃብተ ጊዮርጊስ በአባቱ ግንድ ሲሞቅ እኔ በበረዶ ፈረንጅ ተከትዬ ቡዋሂት ተራራ ስወጣ ነበር። አሁን ልጄ አንድ ወፍጮ ቢተክል ከሱ እኩል ልቆጠር? የሰፈሩን እህል የሚፈጭ ወፍጮ እኮ ነው። ሠርካለምም የምታስፈጨው እዚያው ነው።

ህንድ ብሆንስ? ህንድ ምን አደረገች?

ሰኔ 10

አልደወለችም። እኔም አልደወልሁም።

ሰኔ 13

አልደወለችም። ስልኩ በደንብ ይሠራል፤ ዚነት ሞክራዋለች። እንድትሞክር የነገራት የለም።

ሰኔ 17

ዝናቡ ትናንት ጀመረ። ዘግይቶ መጣና በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ጠብታው እንደ ባቄላ። ድሮ ዝናብ ሰላምታ ሰጥቶ ነበር የሚገባ።

ዛሬ ሁለተኛ ተቀመጥን። መምሬ ሲያስቡበት ሰንብተው ኖሯል። «ሃብተ ጊዮርጊስ የላዩን ክትር ይሥራ፣ ጠይብ የታቹን ይሥራ» አሉ።

«‹ይሥራ› አይባልም» አልሁ። «‹ጠይብ ቢፈቅድ ይርዳ› ይባል። እኔ ረጂ ነኝ እንጂ ተጠያቂ አይደለሁም።»

«እሱ በፈቃዱ ከሆነ እኔም በፈቃዴ ነኝ» አለ ሃብተ ጊዮርጊስ። «ፈቃዴም ዛሬ የለም።»

«ያንተ ከአባትህ የወረደ ነው!»

«ያንተ ከጎማህ!»

መምሬ፣ «ኧረ በሥላሴ፣ ኧረ ሽማግሌዎች ናችሁ» ይላሉ። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። እኔና ሃብተ ጊዮርጊስ ጋቢያችንን ተከናነብን፣ መምሬ ጥላቸውን ዘረጉ። እንዲህ ሆነን እስከ ቀትር ተከራከርን። ወጉን አልጣስንም፤ ተራ በተራ ነው የተናገርን። ሠርካለም እንደ ቆመች ነጠላዋ ገላዋ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ሲበተን፣ «እንግዲህ መቼ ልምጣ?» አለች። ማን እንደ መለሰላት አላስታውስም። የመለሰላት ያለም አይመስለኝ።

ሰኔ 25

ዝናብ። ዝናብ። ይኸው ሳጂዳ፣ ዝናቡን ጻፍሁልሽ።

የሠርካለም አጥር ቦረቦሩ ውስጥ ገባ። ከነ ቁልቋሉ። ዛሬ በዚያ ሳልፍ አየሁት። ዚነት፣ «አባባ፣ መስጊዱ እኮ በወዲያ ነው» አለችኝ። ሰባ ዓመት ሙሉ ተራራ የመራሁ ሰው፣ ለእኔ መንገድ ታሳየኛለች።

ሐምሌ 2

ሙጂብ ማታ ራት ላይ ሲያቅማማ ቆይቶ፣ «አባዬ፣ የመኪናው ጎማ መንገድ ውኃውን እየመራው ነው» አለኝ።

«መኪናው ጎማ እንጂ አካፋ የለውም» አልሁት።

ዝም አለ። የኔ ልጅ ነው፤ ዝም ሲል ነው የሚከራከረው።

ነገ ነጭ ሽንኩርት ጭኖ በሊማሊሞ ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ሲመለስ ከካባው አንድ ሁለት ምልልስ ድንጋይ ሠርካለም ደጅ እንዲያራግፍ ነግሬዋለሁ። ለሰው እንዳይናገር አስጠንቅቄዋለሁ። ሃብተ ጊዮርጊስ ቢሰማ «አመነ» ይላል። ምንም አላመንሁም። ጎረቤት ለጎረቤት ድንጋይ ቢሰጥ አዲስ ነገር ነው?

ደርሶ መልሱ ሦስት ቀን ነው። በሦስት ቀን ምን ይመጣል?

ሐምሌ 6

ሊማሊሞ ተናደ። ተራራው መንገዱ ላይ ወርዷል። ሙጂብ ደኅና ነው፣ አልሐምዱሊላህ፤ መኪናው ግን ከማዶ ቀርቷል። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

ሲመለስ ድንጋይ ሊያመጣ የነበረ መኪና በድንጋይ ታገደ። መምሬ ይህን ሰምተው አልሳቁም። እኔም አልቀለድሁበትም። አሁን እዚህ ጻፍሁት እንጂ።

ሐምሌ 9

ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። መጀመሪያ በረዶ ወረደ፤ ቆርቆሯችን ላይ ሲያርፍ እርስ በርስ መሰማማት አልቻልንም። ከዚያ ዝናቡ። ከዚያ ከተረተሩ ድምፅ መጣ፤ እንደ ከብት መንጋ ያለ።

ምርኩዜን ይዤ ወጣሁ። ዚነት ጎትታኝ ነበር፣ ጋቢዬን ለቀቅሁላት። ውኃው ከተረተሩ ቡናማ ሆኖ ወረደ፣ ጓሯችን ገባ። በሌላ መንገድ መሄድ ይችል ነበር። በጎማው መንገድ ሄደ። በሁለቱም መስመር፣ እንደ መኪና።

ስደርስ ሠርካለም ልጆቹን አውጥታ ማዶ ቆማለች። ማድቤቷ ገና እንደ ቆመ ነበር። ለዘር ያስቀመጠችው ነጭ ሽንኩርት ጣሪያው ሥር ተጎንጉኖ ተሰቅሏል። በደጃፉ ይታያል። ገብታ ልታወጣ ስትል ክንዷን ያዝሁ። ቦረቦሩ አፉን ከፈተና ማድቤቱን ከነ ሽንኩርቱ ዋጠው። ጩኸት የለ፣ ምን የለ፤ ልክ ሰው እንደሚቀመጥ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አሁን በቤቷና በገደሉ መካከል አንድ ሰው አልጋ መዘርጋት አይችልም።

እሷ ዞር ብላ አየችኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር። ምን እንደምመልስ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ የሃብተ ጊዮርጊስ ተረተር፣ የሊማሊሞ ናዳ፣ የአላህ ሥራ።

«አያ ጠይብ» አለችኝ፣ «ጉልበትዎን ይጠብቁ። ከዝናቡ ይግቡ።»

ይኸው ነው ያለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስድብ መመለስ እችላለሁ።

ሐምሌ 10

በቅሎዎቼን አወጣሁ። ሁለት ናቸው፣ ከጊች ጀምሮ አብረውኝ ያሉ። አንደኛዋን «ሚኒስትር» ነው የምላት፤ ብዙ ሳይለምኗት አትነሳም። ከካባው ድንጋይ ጭነው ሠርካለም ደጅ አራገፉ።

ሰዎች ቆመው ያዩኛል። አንዱ፣ «አያ ጠይብ፣ አመኑ እንዴ?» አለኝ።

«በውዴ ነው!» አልሁት። «በውዴ መሆኑን ለሰፈሩ ሁሉ ንገር። ስትናገርም አንድ ድንጋይ ይዘህ ተናገር።»

ይዞ መጣ።

ሐምሌ 15

ሥራ። ጽሕፈት የለም። ጉልበቴ ከብርዱ የተነሳ አብጧል። ከብርዱ ነው።

ሐምሌ 18

ሊማሊሞ ተከፍቶ ሙጂብ ገባ። ዕቃውን እንኳ ሳያወርድ ወደ ካባው አዞረ። ደቦ ወጥቷል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የጊች ሰው፣ የደባርቅ ሰው። ከአምባራስ ለገበያ የመጡ ሁለት ሰዎች እንኳ አንዳንድ ድንጋይ ጥለው ሄዱ። እየሩስ ከመሥሪያ ቤቷ የሽቦ ቅርጫት አምጥታ ድንጋዩ እንዴት እንደሚደረደር ታሳያለች። እኔ በድንጋይ ላይ ተቀምጬ አዛለሁ፤ ጥቂት ጥቂትም አነሳለሁ፣ ዚነት ሳታይ።

መምሬም ቀሚሳቸውን ሰብስበው መጡ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ታቅፈው በፊቴ አለፉ። ጮክ ብዬ፣ «እዩልኝ! የተባበሩት መንግሥታት ድንጋይ አነሱ!» አልሁ። ድንጋዩን እግሬ አጠገብ ጣሉት። አውቀው ነው።

የጎማውንም መንገድ አስቆፍሬ ውኃውን ወደ ባሕር ዛፉ አስመለስሁት። ጎማው ጭቃ እንዳይዝ ነው።

ማታ ሳጂዳ ደወለች። ከጀርመን ከተመለሰች ሰንብታለች። ሁለታችንም ስለ ኔትወርኩ አላነሳንም።

«በመጨረሻ ምን ተስማማችሁ?» አልኋት።

«ህዳር ላይ ቱርክ አገር እንደገና ለመቀመጥ።»

«እኛም እንዲሁ ነበርን።»

«ህንድ ድንጋይ አነሳች ሲሉ ሰማሁ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አለ።

«በውዷ!» አልኋት።

«ይሁን፣ በውዷ። ግን አባባ፣ የታቹ ክትር ብቻውን ስንት ክረምት ይይዛል?»

እየሩስም ይህንኑ ነግራኛለች። ከላይ ተረተሩ ላይ ካልታሰረ፣ ደለሉ ወርዶ የታቹን ይሞላዋል፤ ከሞላ ውኃው ዘሎት ያልፋል። ዘንድሮን ይይዛል። ምናልባት የሚመጣውንም። ከዚያ የሠርካለም ቤት ነው።

«እናንተስ?» አልኋት። «ህንድ በውዷ ብታነሳ አሜሪካ ትነሳለች?»

«እሱን ነው የማናውቀው» አለች። «አንዳንዴ ይነሳሉ። አንዳንዴ ‹ይኸው ሌላ ሰው አገኛችሁ› ብለው ጭራሽ ይተኛሉ። ለዚህም ነው እነ ህንድ የሚፈሩት።»

ይህ አነጋገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሃብተ ጊዮርጊስ ዛሬ በመስኮቱ ሲያየን ነበር። ፊቱ ላይ ዕረፍት አየሁ።

ነሐሴ 4

ትልቅ ጎርፍ መጣ፣ ከሐምሌው የማይተናነስ። ክትሩ ያዘው! ውኃው ደርሶ እንደ ተናደደ በሬ ገፋው፣ ገፋው፣ ከዚያ በጎኑ አጎንብሶ ሄደ። ሠርካለም ልጆቿን ይዛ በሯ ላይ ቆማ አየችው። ቤቷ አለ። መሬቱ አልጎደለም።

ደስ ብሎኝ ለመምሬ ወተት ላክሁላቸው። ፍልሰታ መሆኑን ረስቼ ነው። አልረሳሁም። «ሰይጣን» ብለው መለሱልኝ፣ ከነ ማሰሮው።

ደለሉ ግን ከአሁኑ ክትሩን ወደ ግማሽ አድርሶታል። ሁሉም የሃብተ ጊዮርጊስ ተረተር ቀይ አፈር ነው።

ነሐሴ 11

ሃብተ ጊዮርጊስ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ «ጠይብ አቅም አለው፣ ጀምሮታል፣ የላዩንም ይጨርሰዋል» አለ አሉ። ጭራሽ አመሰገነኝ! በምስጋና ሊጭነኝ ነው። በቅሎ እንኳ እንዲህ አልጭንም።

ነሐሴ 18

ጾሙ ከተፈታ በኋላ ሦስተኛ ተቀመጥን። በደንብ ልጻፈው።

እንደ ወትሮው ሦስታችን ድንጋዮቹ ላይ ነን። ሰፈሩ ሁሉ መጥቷል፣ ከክትሩ ወዲህ ነገሩ የሁሉም ሆኗል። መምሬ ጸሎት አድርሰው፣ እኔም ዱዓ አድርጌ፣ «እንግዲህ ባለ ጉዳይ ይናገር» አሉ።

ሠርካለም ቀና አለች። ጫማዋ ፕላስቲክ ነው፣ አንዱ ተቀዷል፤ ጭቃው በጣቶቿ መካከል ወጥቷል። ስንት ጊዜ እንዲህ እንደ ቆመች አሰብሁ። ማድቤቷ ሲገባም ቆማ ነበር። ክትሩ ሲሠራም ቆማ ነበር። እኔና ሃብተ ጊዮርጊስ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጠናል።

«ቆይ» አልሁ። ምርኩዜን ተክዬ ተነሳሁ። ጉልበቴ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ፤ ሃብተ ጊዮርጊስ ሰምቶ ዞር አለ።

«ሠርኬ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ።»

«ኧረ አያ ጠይብ፣ ወግ አይደለም...»

«ወጉማ ባለ ጉዳይ ይቁም ነው። አንቺ ምን አደረግሽ? ጽድ አልቆረጥሽ፣ መኪና አልነዳሽ። ባለ ጉዳዩ እኔ ነኝ። ተቀመጪ አልሁሽ እንጂ፣ ይህ ጉልበት ሁለት ጊዜ አይነሳም!»

እሷ መምሬን አየች። መምሬ ጥላቸውን አጥፈው ቦታ ለቀቁላት። ተቀመጠች፤ ጫፉ ላይ ብቻ፣ ሊያስነሷት እንደሚችሉ ሁሉ። እኔ ወርጄ እሷ የነበረችበት ጭቃ ላይ ቆምሁ። ከዚያ ታች ሆኖ ሲታይ ሽማግሌ እንዴት ትልቅ ይመስላል!

«አመነ!» አለ አንድ ከኋላ።

«አላመንሁም!» አልሁ። «ጥፋተኛ ነኝ አላልሁም፣ ባለ ጉዳይ ነኝ ነው ያልሁት። ማንም አላስነሳኝም፤ በውዴ ተነሳሁ። የታቹን ክትር ሠርቻለሁ፣ በያመቱም ደለሉን እጠርጋለሁ። የላዩን ግን አልሠራም! አንዲት ጠጠር! አቅም አንሶኝ አይደለም። እኔ ከሠራሁት የሚሠራው ለዘላለም ይተኛል።» ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ዞርሁ። «በል ተነስ፣ ጓደኛዬ። ብቻዬን አታቁመኝ።»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ» አለ፣ ጋቢውን እየሰበሰበ።

«እኔም ነበርሁ።»

አልተነሳም። ሽምግልናው እስኪፈርስ ቆሜ ቀረሁ። ሙጂብ መጥቶ፣ «አባዬ፣ እንግባ» አለኝ፤ ክንዴን ሲይዘኝ አልከለከልሁትም።

ነሐሴ 23

ቅዳሜ። ሃብተ ጊዮርጊስ በገበያ ቀን ከበሩ ፊት በርጩማ አውጥቶ ሰው ሲመለስ ሰላምታ መቀበል ይወዳል። ሄጄ ፊቱ ቆምሁ። አንድ ቃል አልተናገርሁም። ሰው ያልፋል፣ ያየናል፣ ይሳሳቃል። ገብቶ በሩን ዘጋ።

ጳጉሜን 1

ሳጂዳ ደወለች። ዚነት ሁሉንም ነግራታለች። ጉልበቴን ሐኪም ይየው አለች። አያየውም አልኋት። ከዚያ፣ «አባባ፣ እኔ ያን ዕለት ህንድ ያልኋዎት ላሾፍ ነበር እኮ» አለች።

«ማሾፍ ከማን ተማርሽና!» አልኋት። «ደግሞ ህንድነቴን አልተውም። ለምጄዋለሁ።»

ከቱርኩ በኋላ ያለው ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ነው የሚደገሰው አለችኝ። ያን ጊዜ ወደ ደባርቅ እንግዶች ብታመጣ ሚኒስትርን ጭኜ ቦረቦሩን አሳያቸዋለሁ። ግን ወንበር የለንም። ሁሉም ቆሞ ነው የሚያየው።

መስከረም 2፣ 2019

ዘመን ተለወጠ፣ ዝናቡ ተወ። ሳጂዳ፣ ጻፊ፤ ዘግይቶ መጣ፣ ቶሎ ሄደ፣ በመካከሉ የሦስት ወሩን በአንድ ወር አወረደው። የሠርካለም ቤት ቆሟል። ክትሩ እስከ አንገቱ ደለል ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ገበያውም የዓውዳመት። ሃብተ ጊዮርጊስ አዲስ ጋቢ ለብሶ ደጁ ተቀምጧል፤ በዓውዳመት በር መዝጋት ነውር ስለሆነ እንደማይዘጋ አውቄ ነው የሄድሁ። ፊቱ ቆምሁ። ሠርካለም ከገበያ ስትመለስ አየችኝና ቅርጫቷን አውርዳ አጠገቤ ቆመች። ከዚያ መምሬ። ከዚያ ሚኒስትርን የምትጎትተው ዚነት፤ እኔን ልትወስድ መጥታ ቀረች። ከዚያ የማላውቃቸው።

ፀሐዩ በረታ። ጉልበቴ እየጮኸ ነው፣ እሱም ይሰማዋል።

«እስከ መቼ ነው የምትቆመው፣ አንተ ሰውዬ?» አለኝ በመጨረሻ።

«እስክትነሳ።»

ሕዝቡን ዞሮ አየ። ወደ ላይ፣ ወደ ራቁቱ ተረተር አየ። ከዚያ እጁን ወደ ምርኩዙ ሰደደ። ለመነሳት ይሁን እኔን ለመምታት ለጊዜው አልለየሁም፤ ቢሆንም አንድ እርምጃ አልሸሸሁም።